ሞተር ግቢ ውስጥ ይቀየራል? የሐዋሳ ባለ ሚኒባሶች ጥያቄና መልስ

እዚህ ያለነው ሚኒባስ ገዝተን፣ የኋላ ወንበሩን ነቅለን፣ አልጋና ምድጃ ገጥመን ላንጋኖ ወይም አርባ ምንጭ ወርደን የምናድር ሰዎች ነን። ሰሞኑን «ሞተሬ ደክሟል፣ ቤቴ ልቀይረው?» የሚል ጥያቄ በዛ። በአንድ ላይ ልመልስ ብያለሁ። ሥራዬ የናፍጣ ሞተር ነው። የአልጋውንና የመጋረጃውን ነገር ሌላ ሰው ጠይቁ።

ጥያቄ (ከታቦር)፦ ጋሼ፣ የኔ ዶልፊን (የቆየው ቶዮታ ሃይስ ሚኒባስ) 3ኤል የሚባል የናፍጣ ሞተር ያለው ነው። ዳገት ላይ ጉልበት አጥቷል፣ ያጨሳል። መካኒኬ «አልቋል፣ የዱባይ ሞተር (ከዱባይ የሚመጣ ያገለገለ) ግዛ» አለኝ። ጓደኞች አሉኝ፣ ግቢም አለን። ራሳችን እንቀይረው?

መልስ፦ መጀመሪያ ኮምፕሬሽን (ፒስተኑ አየሩን የሚጨምቅበት ግፊት) ይለካ። መካኒክህ ለካው? ካልለካው «አልቋል» ማለት አይችልም።

ጭሱን ለይ። ሰማያዊ ከሆነና ሞተሩ ሲሞቅም ካልጠፋ ዘይት እየነደደ ነው። ጥቁር ከሆነ ናፍጣው በዝቷል ወይ አየሩ አንሷል፤ የአየር ፊልተሩንና እንጀክተሮቹን (ናፍጣ የሚረጩትን) እይ። ጠዋት ብቻ ነጭ ሆኖ ከዚያ የሚጠፋ ከሆነ የማሞቂያ ካንዴላ ሊሆን ይችላል። ነጩ ካልጠፋና የራዲያተሩ ውሃ ከቀነሰ ግን ቴስታታ (የሞተሩን ራስ) ወይም ጓርኒሲዮን (የቴስታታውን ማሸጊያ) ጠርጥር።

አሁን ልኬቱ። ሞተሩን አሙቅ። ባትሪው ሙሉ ይሁን። ሞተሩ እንዳይነሳ የናፍጣ መዝጊያውን ሽቦ ንቀል። አራቱንም ካንዴላ ፍታ፣ መለኪያውን በየቀዳዳው እያሰርክ በሞተሪኖ (በማስነሻው) አዙር። መለኪያው የናፍጣ ይሁን፤ የቤንዚኑ ይህን ግፊት አይችልም። ደህና 3ኤል በካሬ ሴንቲ ሜትር 32 ኪሎና ከዚያ በላይ ይሰጣል። የመጨረሻው ዝቅተኛ ወሰን 20 ነው። በሲሊንደሮቹ መካከል ያለው ልዩነት ደግሞ ከ5 ማለፍ የለበትም።

አራቱም 28፣ 29 ከሰጡህ ሞተርህ አላለቀም። የጠፋውን ጉልበት የናፍጣ ፖምፓው፣ የናፍጣ ፊልተሩ፣ ፍሪሲዮኑ (ሞተሩን ከማርሹ የሚያገናኘው) ዘንድ ፈልገው። ሦስቱ 29 ሰጥተው አንዱ 17 ላይ ከቀረ፣ የዚያን ሲሊንደር ፒስተን ሁለቱም ቫልቮች ተዘግተው ሳለ ጫፍ ላይ አድርሰህ አየር ንፋበት። አየሩ በዘይት መሙያው ከወጣ ፋሻ (የፒስተኑ ቀለበት) ነው። በአየር መግቢያው ወይም በማርሚታው (በጭስ ማውጫው) ከወጣ ቫልቭ ነው። ራዲያተሩ ውስጥ አረፋ ካየህ ጓርኒሲዮን ነው፣ ወይም ቴስታታው ተሰንጥቋል። ለቴስታታ ተብሎ ሙሉ ሞተር አይቀየርም። አራቱም ከ20 በታች ሲወርዱ ነው የለውጥ ወይም የኦቨርሆል (ሞተሩን ፈትቶ የማደስ) ወሬ የሚነሳው።

ሰው ገንዘቡን አውጥቶ ሞተር ከቀየረ በኋላ ጉልበቱ ያው ሲሆንበት ማየት ያናድደኛል። የግማሽ ቀን ልኬት ያድነው ነበር።

ጥያቄ (ከሐይቅ ዳር)፦ እሺ ተለክቶ አልቋል እንበል። ግቢያችን ውስጥ ትልቅ ዋርካ አለ። ሰንሰለት አስረን ከቅርንጫፉ ብናወጣውስ?

መልስ፦ ዋርካው አይጠቅምህም። የዶልፊን ሞተር ያለው ከፊት ወንበር ሥር ነው። ወደ ላይ መውጫ የለውም፣ ወደ ታች ነው የሚወርደው። ስለዚህ ሞተሩ ከሥር ተጎትቶ እስኪወጣ ድረስ መኪናው ራሱ ከፍ ብሎ መቆም አለበት። ሞተሩ ብቻውን 200 ኪሎ ገደማ ነው።

የሐዋሳ አፈር ደግሞ አሸዋማና ልል ነው። ካቫሌቶ (መኪናውን የሚደግፈው የብረት እግር) ይሰምጥበታል። ወፍራም ሲሚንቶ ወለል ከሌለህ ግቢህ ውስጥ አትጀምረው። በክሪክ (በመኪና ማንሻ) ብቻ በቆመ መኪና ሥር ማንም አይግባ። ድንጋይና ብሎኬትም መደገፊያ አይደለም፤ ብሎኬት ሳያስጠነቅቅ ይፈረካከሳል።

አንድ አባል (ከመናኸሪያ)፦ ይሄ ሁሉ የሚመጣው በሙቀት ነው። እኔ ንጹህ ውሃ ብቻ ነው የምሞላው፣ ችግር የለም። ኩላንት ለበረዶ አገር ነው።

ሌላ አባል (ከምሥራቅ)፦ የለም፣ የኔ ራዲያተር በዝገት የተደፈነው በውሃ ነው!

መናኸሪያ፦ ቆሻሻ ውሃ ሞልተህ ነዋ።

መልስ፦ ከጥያቄው ወጣችሁ፣ ግን ይሄ ዝም አይባልም። ሐዋሳ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ ክፍት ድስት ውስጥ ውሃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ ገደማ ነው። ራዲያተሩን የሚያድነው የክዳኑ ግፊት ነው፤ የክዳኑ ጎማ ካረጀ ውሃው ቶሎ ይፈላል። ኩላንት የመፍያውን ሙቀት ከፍ ያደርጋል፣ ዝገትንም ይከላከላል። ንጹህ ውሃም ብረት ያዝጋል። በዚህ ላይ አበቃሁ።

ጥያቄ (ከአዲስ ከተማ)፦ የዱባይ ሞተር ይሻላል ወይስ ኦቨርሆል? ዋጋስ ስንት ነው?

መልስ፦ ዋጋ አልናገርም፣ በየጊዜው ይለዋወጣል። የትኛው ይሻላል ለሚለው፣ የራስህ ሞተር ኮሎ (ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዘንግ) እና ብሎክ (ዋናው አካሉ) ደህና ከሆኑ እኔ ኦቨርሆል እመርጣለሁ። ታሪኩን ታውቀዋለህ። ያገለገለ ሞተር ከሶማሌ ተራ (አዲስ አበባ ካለው የመኪና ዕቃ ገበያ) ከገዛህ ግን ሳትከፍል አስለካው። ከመግጠምህ በፊት የታይሚንግ ቀበቶውን (ቫልቮቹን ከፒስተኖቹ ጋር የሚያስማማውን)፣ የውሃ ፖምፓውን፣ የፊትና የኋላ የዘይት ጎማዎችን ቀይር። 2ኤል፣ 3ኤል፣ 5ኤል የሚባሉት የቶዮታ ሞተሮች ሁሉም ባለ ቀበቶ ናቸው፣ የሚቀየረውም በ100,000 ኪሎ ሜትር ነው። የተሸጠልህ ሞተር ስንት እንደሄደ ማንም አይነግርህም። ፍሪሲዮኑንም በዚያው ጨርሰው፤ ካምቢዮው (የማርሹ ሳጥን) ለዚያ ሲባል ዳግመኛ እንዳይወርድ።

ጥያቄ (ከባህል አዳራሽ)፦ ሞተሩን ቀይሬ ዝም ብል ማን ያውቃል?

መልስ፦ ሊብሬህ ያውቃል። የሞተር ቁጥርና የሻንሲ ቁጥር እዚያ ተጽፈዋል። የዓመቱ ምርመራ ስትሄድ ቁጥሩ ሳይገጥም ሲቀር ቦሎህ ይቀራል፣ ስትሸጠውም ገዢ አይቀበልህም። ምዝገባውን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 681/2002 ነው። ሞተሩን ከመግዛትህ በፊት መንገድ ትራንስፖርት ሄደህ የሚፈልጉትን ወረቀት ጠይቅ። ሻጩም ደረሰኝና የጉምሩክ ዲክላራሲዮን ይስጥህ። ወረቀት የሌለው ሞተር ርካሽ ቢሆንም አትንካው፤ የተሰረቀ ሊሆን ይችላል።

ጥያቄ (ከአቶቴ)፦ የኔም መኪና ደክሟል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ የምን መኪና? የምን ሞተር? ምን ዓይነት ጭስ? ተለካ? ከላይ ያለውን አንብብና ተመለስ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የኔ አባዱላ (አዲሱ ቶዮታ ሃይስ) ናት፣ ሞተሯ 2ኬዲ የሚባለው ነው። ባለቤቴና ወንድሜ ቤት እንቀይረዋለን ብለው ተነስተዋል። ልከልክላቸው?

መልስ፦ አዎ እህቴ፣ ከልክያቸው። ይሄ ኮመን ሬል (ናፍጣው በከፍተኛ ግፊት ከአንድ የጋራ ቱቦ ወደ እንጀክተሮቹ የሚሄድበት) ነው፣ ኮምፒውተር አለው። የብዙዎቹ እንጀክተሮች የራሳቸው ኮድ ስላላቸው ሲቀየሩ ኮዱ ኮምፒውተሩ ውስጥ መግባት አለበት። የናፍጣ ቱቦው ግፊት ቆዳ ይበሳል፤ ሞተሩ እየሠራ በእጃቸው እንዳይዳስሱት አደራ። ቤት ሆነው ዘይትና ፊልተር ይቀይሩ፣ ሞተሩን ጋራዥ ይሂዱበት።

ጥያቄ (ከታቦር)፦ የነዳጅ መኪና እንዳይገባ ከ2016 ጀምሮ ተከልክሎ የለ? ለምን በኤሌክትሪክ ሞተር አንቀይረውም?

መልስ፦ ሙያዬ አይደለም። ክልከላው ግን ያለንን ሞተር በደንብ እንድንይዝ ነው የሚያደርገን።

ጥያቄ (ከሐይቅ ዳር)፦ የተቀዳውን አሮጌ ዘይትስ? ቦዩ ውስጥ ብንደፋው ዝናብ ይወስደዋል።

መልስ፦ የት ይወስደዋል? ሐይቁ ውስጥ ነዋ! የሐዋሳ ሐይቅ ከላይ የሚወጣ መፍሰሻ ወንዝ የለውም። የገባበት እዚያው ይቀራል። አሞራ ገደል (የዓሣ ገበያው) የምንበላው ዓሣ ከዚያው ነው የሚወጣው። ዘይቱን በጀሪካን ዝጋና አሮጌ ዘይት ለሚሰበስብ ጋራዥ ስጥ። ይህን ማድረግ የማትችሉ ከሆነ ሞተር ግቢያችሁ ውስጥ አትፍቱ። ክሪኩን በተመለከተ የነገርኳችሁን ያህል ይሄንንም አጥብቄ ነው የምለው።

ጥያቄ (ከታቦር)፦ ጋሼ፣ የመጀመሪያው ጠያቂ ነኝ። መለኪያዎን ቅዳሜ ያውሱኛል?

መልስ፦ አውስሃለሁ። ባትሪውን ዓርብ ማታ ቻርጅ አድርገው፣ የካንዴላውን ቁልፍም ይዘህ ጠብቀኝ። ውጤቱን አራቱንም ቁጥር እዚህ ጻፍልን።