የፖርቱጋልን ሥራ አጥነት የቀነሰው ሕጉ ነውን?

ጥያቄ፦ ፖርቱጋል ከዕዳ ቀውስ የወጣችው ሠራተኛን ማሰናበት የሚያቀል ሕግ በማውጣቷ ነው ሲባል ደጋግሜ ሰምቻለሁ። በእርግጥ ለሥራ አጦቹ ሥራ ያስገኘው ይህ ሕግ ነውን?
አንባቢያችሁ፣ ከሐዋሳ

መልስ፦ ጠያቂያችን የሰሙት ከፊሉ እውነት ነው። ፖርቱጋል እ.ኤ.አ. በ2011 ከአውሮፓ ተቋማትና ከዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት የ78 ቢሊዮን ዩሮ ብድር ስትወስድ የሥራ ሕጓን ለማሻሻል ግዴታ ገብታ ነበር። በዚህም መሠረት አንድ ቋሚ ሠራተኛ ሲቀነስ ለእያንዳንዱ የአገልግሎት ዓመት ይታሰብለት የነበረው የ30 ቀን ደመወዝ በ2013 ለአዳዲስ ውሎች ወደ 12 ቀን ወረደ፤ አራት የሕዝብ በዓላት የሥራ ቀን ሆኑ፤ ዝቅተኛው የደመወዝ ወለልም እስከ 2014 መገባደጃ በወር 485 ዩሮ ላይ እንዲቆም ተደረገ።

መንግሥት ያሰበው ሁሉ ግን አልሰመረለትም። ጠቅላይ ሚኒስትር ፔድሮ ፓሶስ ኮዌሎ በመስከረም 2012 የሠራተኛውን የማኅበራዊ ዋስትና መዋጮ ከ11 ወደ 18 በመቶ አሳድገው የአሠሪውን ከ23.75 ወደ 18 በመቶ ለማውረድ ባቀዱ ጊዜ፣ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ አደባባይ በመውጣቱ ዕቅዱን ለመተው ተገደዋል። ከአሠሪዎች መካከል እንኳ የተቃወሙት ነበሩ፤ የደመወዝተኛው ኪስ ከሳሳ ዕቃቸውን ማን ይገዛቸዋል?

በ2013 መጀመሪያ ከ17 በመቶ በላይ የነበረው ሥራ አጥነት በ2019 ወደ 7 በመቶ ገደማ ወርዷል። ይህን ሁሉ ለሕጉ መስጠት ግን ይከብዳል። የአውሮፓ ማዕከላዊ ባንክ ዩሮን ለመታደግ በ2012 የገባው ቃል የመንግሥት ብድር ወለድ እንዲረግብ አድርጓል፤ የወጪ ንግዱና ቱሪዝሙም አንሰራርተዋል። ከዚህም ሌላ በ2013 እና በ2014 በየዓመቱ ከ100 ሺህ በላይ ሰዎች፣ አብዛኞቹም ወጣቶች፣ ወደ ውጭ ሀገር ተሰድደዋል፤ የተሰደደ ሰው ደግሞ በሀገሩ የሥራ አጦች ቁጥር ውስጥ አይገባም። በ2015 መጨረሻ ሥልጣን የያዘው የአንቶኒዮ ኮስታ መንግሥት በዓላቱን መልሶ የደመወዝ ወለሉን በ2019 እስከ 600 ዩሮ ሲያደርስም ሥራ አጥነቱ መቀነሱን አላቆመም።

የተቀነሰው የስንብት ክፍያ በኮስታም ዘመን በመቆየቱ የሕጉ ደጋፊዎች የሚሉት አላጡም። እኛ ግን ሕጉን የምንመዝነው በራሱ ዓላማ ነው፤ ቋሚ ሠራተኛን ማሰናበት ከቀለለ አሠሪዎች በጊዜያዊ ውል ከመቅጠር ይቆጠባሉ ተብሎ ነበርና። በ2019 ከአምስት ተቀጣሪዎች አንዱ ገደማ አሁንም በጊዜያዊ ውል ይሠራ ነበር።