የፒንግ ፖንግ ጠረጴዛ በቤት መሥራት፦ ስለ እንጨቱ ጠይቁ

መጋዙ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ስለ ጠረጴዛ ሥራ የተበታተነ ጥያቄ ስለበዛ በአንድ ቦታ እንጨርሰው ብለናል። ዛሬ ስለ እንጨቱ ብቻ ነው። ስለ ራኬት አልመልስም። ዋጋም አትጠይቁኝ። ልኩን ታውቁታላችሁ ብዬ ልጀምር፦ ርዝመት 2.74 ሜትር፣ ስፋት 1.525 ሜትር፣ ከፍታ 76 ሴንቲ ሜትር። ለሁለት ሲከፈል እያንዳንዱ ግማሽ 1.37 በ1.525 ይሆናል። ይህን የግማሹን ልክ ያዙት፤ ነገሩ ሁሉ እሱ ላይ ነው።

ቶፕስፒን፦ ጋሼ፣ ምርጡ እንጨት የቱ ነው?

መጋዙ፦ ጠረጴዛው ቤት ውስጥ ነው ወይስ ደጅ? የምትገዛበት ቦታ ምን ልክ ያለው ሉህ አለ? ይህን ሳትነግረኝ ምን ብዬ ልመልስልህ?

ቶፕስፒን፦ ቤት ውስጥ ነው። ልኩን ግን አልጠየቅኩም።

መጋዙ፦ ይኸው! ሁሉም ሰው ከእንጨቱ ዓይነት ይጀምራል። መጀመር ያለበት ከሉሁ ልክ ነው። ኮምፔንሳቶም ሆነ ኤምዲኤፍ (ከእንጨት ቃጫና ሙጫ የተጨመቀው ሉህ) በብዛት የሚገኘው በ1.22 በ2.44 ሜትር ነው። የግማሽ ጠረጴዛችን አጭሩ ጎን 1.37 ነው። ስለዚህ ግማሹ ከዚህ ሉህ በአንድ ቁራጭ አይወጣም። 15 ሴንቲ ሜትር ይጎድላል። ይህን ሳያውቁ ገዝተው፣ አስጭነው፣ ቤት ካደረሱ በኋላ የሚጠይቁኝ ብዙ ናቸው።

ስለዚህ ከመግዛትህ በፊት ሌሎች ሁለት ልኮች መኖራቸውን ጠይቅ። አንደኛው የባልቲክ በርች የሚባለው ኮምፔንሳቶ ነው። 1.525 በ1.525 ሆኖ ይመጣል። ወርዱ ራሱ የጠረጴዛው ስፋት ነው። ሁለት ትገዛለህ፣ እያንዳንዱን 1.37 ላይ ትቆርጣለህ፣ አለቀ። የሚተርፈው 15 ሴንቲ ሜትር ገደማ ቅራጭ ከሥር ለማጠናከሪያ ይሆናል፤ እንዳትጥለው። ሁለተኛው 1.83 በ2.75 የሆነ ኤምዲኤፍ ወይም ቺፑድ (ከእንጨት ፍርፋሪ የተጨመቀ ሉህ) ነው። ከሱ ሙሉ ጠረጴዛ ከአንድ ሉህ ይወጣል። ከሁለቱ አንዱን ካገኘህ ስለ ዓይነቱ ብዙ አትጨነቅ።

ደግሞ ስትቆርጥ አፍንጫህን ሸፍን። የእንጨት ብናኝ ቀልድ አይደለም።

ሰነፍ አናጺ፦ አንድ ነገር አልገባኝም። የጠረጴዛው ጠቅላላ ስፋት 4.18 ካሬ ሜትር ነው። ሁለት ተራ ሉህ 5.95 ካሬ ይሆናል። ይተርፋል እንጂ እንዴት ይጎድላል?

መጋዙ፦ ይሄ ጥያቄ ነው! ካሬ ሜትር ያታልላል። እንጨቱ መኖሩ አይደለም ጉዳዩ፣ ቅርጹ ነው። ግን ሁለት ተራ ሉህ ይበቃል፤ ተረጋጋና ተከተለኝ።

አንዱን ሉህ ከርዝመቱ 1.525 ላይ ቁረጠው። አሁን 1.525 በ1.22 የሆነ ትልቅ ቁራጭ አለህ። የቀረው 91 ሴንቲ ሜትር በ1.22 ገደማ ነው። ትልቁ ቁራጭ ግማሽ ጠረጴዛ ለመሆን የሚጎድለው 15 ሴንቲ ሜትር ወርድና 1.525 ርዝመት ያለው ቅጥያ ነው። ከቀረው ቁራጭ ይህን ያህል ርዝመት አይወጣም። ታዲያ ምን ታደርጋለህ? ቅጥያውን ለሁለት ትከፍለዋለህ፤ እያንዳንዱ 76.25 ሴንቲ ሜትር። ሁለቱ የሚገናኙት የት ነው? ልክ መሀል ላይ። መሀል ላይ ደግሞ 3 ሚሊ ሜትር ነጭ መስመር ይቀባል። ስፌቱ መስመሩ ሥር ይደበቃል። ሁለተኛውንም ሉህ እንደዚሁ።

አሁን ዋናው ነገር። ቅጥያው በመረቡ በኩል ይሁን፣ በተጫዋቹ በኩል አይሁን። ኳስ አብዛኛውን ጊዜ የሚነጥረው ከመረቡ ራቅ ብሎ ነው። መረቡ ሥር ባለው 15 ሴንቲ ሜትር ላይ የሚያርፈው ጥቂቱ ነው። ስፌቱን እዚያ ካደረግከው በጨዋታ ጊዜ ትረሳዋለህ። በጀርባ በኩል ካደረግከው ግን ረጅም ሰርቪስ በመጣ ቁጥር ታስታውሰዋለህ።

ቅጥያውን ስትቆርጥ 15.5 አድርገው፤ ኮላው ከደረቀ በኋላ ትርፉን ታስተካክለዋለህ። ከሥር፣ በስፌቱ ልክ፣ ወርዱ 20 ሴንቲ ሜትር የሆነ የኮምፔንሳቶ ድጋፍ በኮላና በብሎን አጥብቀህ እሰር። ከላይ ስፌቱን በስቱኮ ሙላ፣ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሰው። ስትጨርስ የግማሹን ሰያፍ ከጥግ እስከ ጥግ ለካ። ሁለቱም 2.05 ሜትር ከመጡ ማዕዘኑ ልክ ነው። አንዱ ከበለጠ ሌላው አንሷል፤ ጠረጴዛህ ተዛንፏል ማለት ነው።

ሰነፍ አናጺ፦ ሦስት ሉህ ብገዛስ?

መጋዙ፦ ቅጥያዎቹ ሳይከፈሉ ይወጣሉ። ከቻልክ ግዛ።

አዲስ ገቢ፦ ቤት ውስጥ 12 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ አለኝ። ይሆናል?

መጋዙ፦ ኳሱ ይሞትብሃል። 18 ዝቅተኛው ነው በለው። ለውድድር የሚሠሩት በብዛት 25 ሚሊ ሜትር ናቸው። ግን እኔን ከማመን ፈትነው። ሕጉ የሚለው እንዲህ ነው፦ ኳስ ከ30 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ሲለቀቅ 23 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይንጠር፤ በሁሉም ቦታ እኩል ይሁን። ደህና ኳስና ማስመሪያ ይዘህ ወደ መሸጫው ሂድ። ሉሁን መሬት ላይ አንጥፈህ አይደለም፤ በሁለት ጫፍ ድጋፍ ላይ አስቀምጠህ ሞክር። መሬት ላይ የተነጠፈ እንጨት ሁሉ ጥሩ ያነጥራል። አንድ ቦታ ብቻ ሳይሆን እዚህም እዚያም ልቀቀው። ርካሽ ኮምፔንሳቶ ውስጡ ባዶ ቦታ ይኖረዋል። በጣትህ ስታንኳኳው ድምፁ ይለያል፣ ኳሱም እዚያ ላይ ዝም ይላል። ሻጩ ቢስቅብህ ይሳቅ።

ጣውላ ወዳጅ፦ ይቅርታ ጋሼ፣ ግን ለምን ፋብሪካ የጨፈለቀው ነገር ብቻ? እውነተኛ ጣውላ ተገጣጥሞ የተሠራ ጠረጴዛ እኮ ዕድሜ ልክ ይኖራል። ድሮ ምን ነበር?

መጋዙ፦ ድሮም ቢሆን ይሰነጠቅ ነበር። ጣውላ በርዝመቱ ብዙ አይንቀሳቀስም፣ በወርዱ ግን እርጥበት ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሸማቀቃል። 1.5 ሜትር ስፋት ላይ 1 በመቶ ብትንቀሳቀስ 1.5 ሴንቲ ሜትር ናት። ክፍተቱ ውስጥ ሳንቲም ይገባል። ኮምፔንሳቶ ንብርብሮቹ ተሻግረው ስለሚጣበቁ አንዱ ሌላውን ይይዘዋል።

ጣውላ ወዳጅ፦ በደንብ የደረቀ ከሆነስ? የምግብ ጠረጴዛ በጣውላ ይሠራል እኮ።

ባክሃንድ፦ ምግብ አይነጥርም ወንድሜ 😄

ጣውላ ወዳጅ፦ ቀልዱን ተወውና መልስ። ሕጉ ራሱ ጠረጴዛው ከፈለገው ነገር ይሠራ አይደል የሚለው?

ባክሃንድ፦ ይላል። ግን ንጥረቱ እኩል ይሁን ይላል። አንተ የምትለው ላይ በእያንዳንዱ መገጣጠሚያ ኳሱ ሌላ አቅጣጫ ይሄዳል።

ጣውላ ወዳጅ፦ ኮንክሪት ላይ የሚጫወቱ አሉ፣ እሱስ?

ባክሃንድ፦ ኮንክሪት መገጣጠሚያ አለው እንዴ?

መጋዙ፦ በቃ። ጣውላው ለእግሩና ለማዕቀፉ ይሁንልህ፤ እዚያ ቦታ አለው። ቀጥሉ።

መምህርት፦ ጤና ይስጥልኝ። ትምህርት ቤታችን የተነቀሉ አሮጌ በሮች አሉ። ሁለቱን ገጥመን ብንጠቀምስ?

መጋዙ፦ አብሮ ይስጥልኝ መምህርት። በሮቹን አንኳኩልኝ። ከበሮ የሚመስል ድምፅ ከሰጡ ውስጣቸው ባዶ ነው፤ ለዚህ አይሆኑም። ውስጣቸው ሙሉ ከሆነና ገጻቸው ለጥ ያለ ከሆነ ለልጆች መለማመጃ ያገለግላሉ። ልኩ ግን አይሞላም፣ የማጠፊያና የቁልፍ ቀዳዳም መደፈን አለበት። ከሁሉም የሚሻልዎት አንድ ተራ ሉህ ነው። 1.22 ስፋቱን እንዳለ ይተዉት፣ ርዝመቱን ወደ 2.19 ያሳጥሩት። ከዋናው ጠረጴዛ ጋር ምጣኔው አንድ ይሆናል፤ ልጆቹ የተበላሸ ልማድ አይዙም። ሁለቱንም ፊት መቀባቱን ግን አይርሱ።

ኳስ ለቃሚ፦ ለምን ሁለቱንም ፊት? ከሥር ማን ያየዋል?

መጋዙ፦ ማንም አያየውም። እንጨቱ ግን ያውቀዋል። ላዩ ብቻ ከተቀባ ሥሩ ከአየሩ እርጥበት ይጠጣል፣ ላዩ አይጠጣም። አንድ ወገን አብጦ ሌላው ባለበት ሲቀር ሉሁ ይጎብጣል። ቆንጆ ተቀብቶ እንደ ሰሃን የጎበጠ ጠረጴዛ ብዙ አይቻለሁ። ስለዚህ ላዩን ስንት ጊዜ ከቀባህ ሥሩንም ያን ያህል ቀባ። ጠርዙንም ጭምር። የኤምዲኤፍ ጠርዝ ውሃ እንደ ጉድ ነው የሚመጠው።

ሌላም አለ። ሉሁን ገዝተህ እንደመጣህ አትቁረጠው። የሚኖርበት ክፍል ውስጥ ለጥቂት ቀናት ለጥ አድርገህ አስተኛው፤ ከአየሩ ጋር ይለማመድ። ግድግዳ ላይ አስደግፈህ ከተውከው ሳትነካው ጎብጦ ታገኘዋለህ።

ፎርሃንድ፦ ለፒንግ ፖንግ የሚሆን ምርጥ እንጨት ምንድን ነው? አመሰግናለሁ።

መጋዙ፦ ከላይ አንብብ።

ፎርሃንድ፦ ረጅም ነው እኮ። በአጭሩ ቢነገረኝ?

መጋዙ፦ በአጭሩ፦ ከላይ አንብብ።

ባክሃንድ፦ ኤምዲኤፍ ይሁን ኮምፔንሳቶ በሚለው ግን ጋሼ ግልጽ አላደረጉም። እኔ ኤምዲኤፍ እላለሁ። ውስጡ አንድ ወጥ ነው፣ ንጥረቱ የትም አይለያይም።

ቶፕስፒን፦ ክብደቱስ? 25 ሚሊ ሜትር ኤምዲኤፍ ማን ያነሳዋል?

መጋዙ፦ ሁለታችሁም ልክ ናችሁ። ኤምዲኤፍ በሜትር ኩብ 750 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። በ25 ሚሊ ሜትር ገጹ ብቻ ወደ 78 ኪሎ ይሆናል። በ18 ወደ 56። አንድ ቦታ ተቀምጦ የሚቀር ከሆነ ኤምዲኤፍ፤ ንጥረቱ ያምራል። በየጊዜው የሚታጠፍና የሚነሳ ከሆነ ኮምፔንሳቶ፤ ቀለል ይላል፣ ብሎንም ይይዛል። ቺፑድ ሦስተኛ ነው፤ ጠርዙ ይፈረፈራል። በነገራችን ላይ ኤምዲኤፍና ቺፑድ የሚጣበቁበት ሙጫ ፎርማልዲሃይድ አለበት። ሉሁ ላይ ‹‹ኢ1›› የሚል ምልክት ፈልጉ፣ ልቀቱ የተገደበ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ክፍል ፎርማልዲሃይድንም የእንጨት ብናኝንም ካንሰር አምጪ ብሎ መድቧቸዋል። ለሦስተኛ ጊዜ እንዳልናገር፦ አፍንጫችሁን ሸፍኑ፣ ደጅ ቁረጡ።

ኳስ ለቃሚ፦ ቀለሙ አረንጓዴ ነው ሰማያዊ?

ቶፕስፒን፦ ሰማያዊ። ቴሌቪዥን ላይ ሁሉ ሰማያዊ ነው።

ጣውላ ወዳጅ፦ አረንጓዴ ነበር የጨዋታው ቀለም። ሰማያዊ ያመጡት ለካሜራ ነው።

መጋዙ፦ ጠቆር ያለና የማያብለጨልጭ ይሁን፣ ሌላው የእናንተ ጉዳይ ነው። የሚያብለጨልጭ ቀለም ላይ ኳስ ይንሸራተታል፣ መብራቱም ዓይን ይወጋል። በሩሎ፣ ስስ ስስ አድርጋችሁ ደጋግሙት።

አዲስ ገቢ፦ ደጅ ለሚቀመጥስ? ኮንክሪት ሲሞላ የሚጠቀሙበት ቡናማ ልባጥ ያለው ኮምፔንሳቶ አይሻልም?

መጋዙ፦ ውሃ የሚችል ሙጫ ነው የተጣበቀበት፣ ሐሳቡ ጥሩ ነው። ግን ልባጡ ያንሸራትታል፣ ቀለምም አይዝለትም። በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍገህ ልባጡን ሸካራ አድርገው፣ ከዚያ ቀባው። ያገለገለ አትግዛ፤ ምስማርና ሲሚንቶ አለበት፣ የመጋዝ ጥርስ ይጨርሳል። የተቆረጠውን ጠርዝ ሁሉ ቀለም አጠጣው። ኤምዲኤፍ ግን ደጅ አታስብ፤ አንድ ዝናብ ይበቃዋል።

መምህርት፦ እግሩን ከምን እናሠራው?

መጋዙ፦ ከደረቀ ሞራሌ። እርጥብ ከሆነ ይጣመማል። ውሃ ልክ ይጠቀሙ። ስለ እግር ሌላ ቀን።

ሰነፍ አናጺ፦ ጋሼ! 1.83 በ2.75 ቺፑድ አገኘሁ፣ 22 ሚሊ ሜትር። አሁን መሸጫው ውስጥ ነኝ። እዚሁ ላስቆርጠው?

መጋዙ፦ አስቆርጠው፣ አንተ ቤት ከምትታገለው የነሱ ማሽን ቀጥ ያደርገዋል። ግን ልብ በል፣ ርዝመቱ ላይ ያለህ ትርፍ 1 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። የመጋዙ ጥርስ በአንድ መቁረጥ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ይበላል። መሀሉን አንዴ ካስቆረጥክ በኋላ እያንዳንዱ ግማሽ 1.3735 ይቀራል። ከዚያ ከውጭ ጫፉ ትንሽ አስላጭተህ 1.37 ታደርሰዋለህ። መጀመሪያ ጫፎቹን አስተካክልልኝ ብለህ ከጀመርክ ግን ትርፉ ያልቅብሃል። ከወርዱ የሚተርፈውን 30 ሴንቲ ሜትር ለድጋፍ ይዘኸው ና። ጥጎቹ ያልተመቱ መሆናቸውንም እይ።

ሰነፍ አናጺ፦ አንደኛው ጥግ ትንሽ ተመትቷል።

መጋዙ፦ በየትኛው በኩል? በወርዱ በኩል ከሚተርፈው 30 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ከሆነ ግድ የለም። ካልሆነ ሌላ አስወጣ።