ግማሹ ሐሰን የት ገባ? ፎቶን በተርሚናል ስለመፈለግ

ደሴ ውስጥ ፎቶ ቤት ያላት አንባቢ የላከችው ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው፦ «የብዙ ዓመት የሠርግና የኒካህ ፎቶ አንድ ሃርድ ዲስክ ላይ ተከምሯል። የኮምፒውተሩ ሲስተም ኡቡንቱ ነው። ደንበኛ መጥቶ የሐሰንን ሠርግ ሲለኝ በተርሚናል (ትእዛዝ በሚጻፍበት መስኮት) እፈልጋለሁ፤ አንዳንዱ ይወጣል፣ አንዳንዱ አይወጣም። በዓይኔ ሳየው ግን አለ። ከተገኘስ በኋላ ሳላበላሽ እንዴት ላሰባስበው?»

አብሽሪ እህቴ፣ የጠፋ ነገር የለም። ችግሩ የፊደል ነው። ሀ፣ ሐ እና ኀ ስናነባቸው አንድ ናቸው። ለኮምፒውተሩ ግን ለየብቻ ቁጥር ያላቸው የተለያዩ ፊደላት ናቸው። ሰ እና ሠም እንደዚያው። አንቺ «ሐሰን» ብለሽ ትፈልጊያለሽ፤ ረዳትሽ ያኔ «ሃሠን» ብሎ ፎልደር ከፍቶ ከሆነ አይገናኙም። ወሎ ደግሞ ሐሰን፣ ሑሴንና ሰይድ የሞላበት አገር ስለሆነ ጣጣው በየቀኑ ነው።

መፍትሔው አማራጮቹን ሁሉ በአንድ ጊዜ መስጠት ነው። ትእዛዞቹን እዚህ በድምፃቸው እጽፋቸዋለሁ፤ አንቺ በእንግሊዝኛ ፊደል ተይቢያቸው።

ፋይንድ . -ታይፕ ዲ -ኔም '*[ሀሃሐሓኀኃ][ሰሠ]ን*'

ፋይንድ ፈላጊው ትእዛዝ ነው። ነጥቧ «ካለሁበት ፎልደር ጀምረህ እስከ ውስጥ ግባ» ማለት ናት። ታይፕ ዲ ፎልደር ብቻ ያወጣል። ካሜራ ፎቶውን በቁጥር ስለሚሰይም የሰው ስም ያለው ፎልደሩ ላይ ነው። ማዕዘን ቅንፉ ውስጥ ካሉት ፊደላት አንዱ ከተገኘ ይበቃዋል። ኮከቧ ደግሞ ከፊትም ከኋላም ማንኛውንም ነገር ትቀበላለች፤ «የሐሰን ኒካህ» ቢባልም ይወጣል። ነጠላ ጥቅሶቹን እንዳትረሺ። ከሌሉ ተርሚናሉ ኮከቧን ቀድሞ ራሱ ይተረጉማትና ፋይንድ ጋ ሌላ ነገር ይደርሳል።

ይህም ሆኖ ካልሠራ ሎኬል ብለሽ ጻፊ። መልሱ ላይ ዩቲኤፍ-8 (የአማርኛን ፊደል ጭምር የሚይዝ የጽሑፍ አቀማመጥ ስልት) የሚል ከሌለ ቅንፉ የአማርኛ ፊደልን በትክክል አያነብም።

አንዳንዱ «በኔም ፈንታ አይኔም በይው» ይልሻል። አይኔም የእንግሊዝኛ ትልቅና ትንሽ ፊደልን ነው የሚያቻችለው፤ ለኛ ፊደል ምንም አይፈይድም። ብዙ ካሜራ ጄፒጂን በትልቁ ስለሚጽፍ ግን ፎቶዎቹን ራሳቸውን ስትፈልጊ ይጠቅምሻል።

ስሙን ጨርሶ ከረሳሽው በቀን ፈልጊ። የጥር ሠርግ ነው እንበል። ጥር 2017 በፈረንጆቹ ከጃንዋሪ 9 እስከ ፌብሩዋሪ 7 ቀን 2025 ነው።

ፋይንድ . -ታይፕ ኤፍ -ኒወርኤምቲ 2025-01-09 ! -ኒወርኤምቲ 2025-02-08

ታይፕ ኤፍ ፋይል ብቻ ያወጣል፤ ኒወርኤምቲ «ከዚህ ቀን መጀመሪያ ወዲህ የተነካ» ማለት ነው። ቃለ አጋኖዋ «ከዚህ በኋላ ያለው አይሁን» ትላለች፤ ፌብሩዋሪ 7 ሙሉ ቀኑ እንዲገባ ነው 8 የተጻፈው፤ ከፊትና ከኋላዋ ክፍት ቦታ ይኑር። ይህ ቀን ፋይሉ መጨረሻ የተነካበት ነው። በኋላ ኤዲት ያደረግሽው ፎቶ በኤዲቱ ቀን ነው የሚወጣው። ሲፒ በሚለው የመገልበጫ ትእዛዝ ያለ ተጨማሪ ምልክት የተገለበጠም እንዲሁ፤ ሲፒ -ኤ ቢባል ኖሮ የድሮው ቀን ይቆይ ነበር።

አሁን ማሰባሰቡ። ምክሬ፣ ፎቶዎቹን አውጥተሽ አንድ ላይ አትቀላቅያቸው፤ ፎልደሩን እንዳለ አዛውሪው። የካሜራ ቆጣሪ 9999 ሲደርስ እንደገና ከ1 ይጀምራል። ስለዚህ የሁለት ሙሽሮች ፎቶ ፍጹም አንድ ዓይነት ስም ሊኖረው ይችላል። ኤምቪ የሚለው የማዛወሪያ ትእዛዝ ደግሞ ባዶውን ከተሰጠ አይጠይቅም፤ የኋለኛውን በፊተኛው ላይ ይጭነውና የፊተኛው በዚያው ቀረ። ሁልጊዜ ኤምቪ -ኤን -ቪ በይ። ኤን «ያለውን አትንካ» ነው፣ ቪ ደግሞ የተዛወረውን እየዘረዘረ ያሳይሻል። ስሙ መሃል ክፍት ቦታ ካለው በጥቅስ ውስጥ አስገቢው፣ ወይም የመጀመሪያዎቹን ፊደላት ጽፈሽ ታብን ተጫኚ፤ ቀሪውን ራሱ ይሞላዋል።

እዚያው ዲስክ ላይ ከሆነ ዝውውሩ የስም ለውጥ ብቻ ነው፤ ወዲያው ያልቃል። ወደ ሌላ ዲስክ ግን ኮፒ አድርጎ ማጥፋት ስለሆነ መሃል ላይ መብራት ሄዶ ጉድ እንዳይሠራሽ አርሲንክ -ኤቪ የሚለውን የመገልበጫ ትእዛዝ ተጠቀሚ። መብራት ሲመጣ ያንኑ ትእዛዝ መልሰሽ ስትሰጪው የጨረሰውን እየዘለለ ይቀጥላል። የድሮውን የምታጠፊው አዲሱን ከፍተሽ ካየሽ በኋላ ነው።

በነገራችን ላይ፣ የፎልደር ስም አታርዝሚ። በኤክስት4 (ኡቡንቱ በተለምዶ በሚጠቀምበት የዲስክ አቀማመጥ) ዲስክ ላይ ገደቡ 255 ባይት ነው፤ አንድ የአማርኛ ፊደል ደግሞ 3 ባይት ይበላል። 85 ፊደል ላይ አበቃ ማለት ነው። የሙሽራውን፣ የሙሽሪትን፣ የአዳራሹንና የሚዜዎቹን ስም የሚደረድር ሰው እዚያ መድረሱ አይቀርም።

ፋይንድ መጨረሻው ላይ -ዲሊት ሲጨመርበት ያገኘውን ሁሉ ይሰርዛል። ቅደም ተከተሉን ካሳሳትሽና ዲሊት ከኔም በፊት ከገባ ስሙን ሳያይ ከነጥቧ በታች ያለውን ሁሉ ያጠፋል፤ ቆሻሻ መጣያ ውስጥም አታገኚውም። ለፎቶ ቤት ሥራ ጨርሶ አያስፈልግሽም።