«ልጄን ለራግቢ ሆስቴል ልስጠው ወይ?» ላልሽው እህቴ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ትናንት ማታ ሱቅ ዘግቼ ስገባ ነው ያነበብኩት። ብዙ ሰው መልሶልሻል። ግማሹ «ምን ትጠብቂያለሽ፣ ላኪው» ይላል። ግማሹ ደግሞ «ራግቢ የነጭ ጨዋታ ነው፣ የልጁን አንገት ይሰብሩታል» ይላል። እኔ ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ። የዛሬ ሰባት ዓመት እኔና ባለቤቴም እንደ አንቺ እንቅልፍ አጥተን ነበር።

ጥያቄውን ያላያችሁ ካላችሁ ነገሩ እንዲህ ነው። እህታችን ደቡብ አፍሪካ፣ ጆበርግ ነው የምትኖረው። ልጇ 12 ዓመቱ ነው። አንድ ትልቅ ትምህርት ቤት ሲጫወት አይቶት በርሳሪ (የትምህርት ወጪ ድጋፍ) እንስጠው፣ ሆስቴል ገብቶ እዚያው እያደረ ይማር ብሏል። ትምህርት ቤቱ ያለው ሌላ ከተማ ነው። አባቱ ነገሩን አልወደደውም። ልጁ ግን የደቡብ አፍሪካ አምበል ሆኖ የራግቢ ዓለም ዋንጫ ያነሳውን ተጫዋች ጠቅሶ «ሲያ ኮሊሲም እንዲህ ነው የጀመረው» እያለ አላስቀምጥ ብሏታል። «እውነት እንዲህ ነው የጀመረው? ልላከው ወይስ ይቅር?» ነው ጥያቄዋ።

እኔ የምኖረው ፖርት ኤልዛቤት ነው። ከ2021 ወዲህ ስሟ ጌቤርሃ ተብሏል፣ እኛ ግን በልማድ የድሮውን እንጠራለን። (ቀኖቹንም ዓመቶቹንም ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው።) ሱቄ ሎኬሽን፣ ማለትም የጥቁሮች ሰፈር ውስጥ ነው። ሲያ ከተወለደበት ከዝዊዴ ብዙም አይርቅም።

መጀመሪያ ይቺን «የነጭ ጨዋታ» የምትባለዋን ላንሳ። እኔም ከሀገር ስመጣ እንደዚያ ነበር የማስበው። ቅዳሜ ከሰዓት ሱቁ ጭር ሲልብኝ ነው የገባኝ። ሰው ሁሉ ሜዳ ነው። እዚህ እኛ ያለንበት ኢስተርን ኬፕ ፕሮቪንስ ውስጥ ቆሳ የሚባሉት የሀገሬው ሰዎች ራግቢ መጫወት የጀመሩት በ19ኛው ክፍለ ዘመን፣ በሚሲዮን ትምህርት ቤቶች ነው። ዝዊዴ ውስጥ ዳን ቄቄ የሚባል ስታዲየም አለ። የተሰየመው በአፓርታይድ ጊዜ በዘር ተከፋፍለን አንጫወትም ብለው የታገሉትን የሰፈሩን የራግቢ ሰዎች በመራው ሰውዬ ነው። እዚህ ሰፈር የአያት ጨዋታ ነው። ስለዚህ ልጅሽ የሰው ነገር የተመኘ አይምሰልሽ።

አሁን ወደ ሲያ ልምጣ።

ሙሉ ስሙ ሲያምታንዳ ነው። በቆሳ «እንወደዋለን» ማለት ነው። የተወለደው ሰኔ 16 ቀን 1991 ነው። እናቱ ፓካማ ስትወልደው ገና 16 ዓመቷ ነበር። አባቱ ፌዛኬሌም ተማሪ ነበር። ያሳደገችው የአባቱ እናት ኖሉላሚሌ ናት። ቤቱ የድሃ ቤት ነበር። መጫወቻ መኪና ስላልነበረው ጡብ እየገፋ ይጫወት እንደነበር እሱ ራሱ ተናግሯል። ረሃቡ ሲጠናበት ውሃ በስኳር በጥብጦ ይጠጣ ነበር። ይሄን ስሰማ ጠዋት ጠዋት የሁለት ራንድ ስኳር ሊገዙ የሚመጡ የሰፈራችን ልጆች ናቸው ትዝ ያሉኝ። ለሻይ ነበር የሚመስለኝ።

ያሰለጠነው ሰው ኤሪክ ሶንግዊቂ ይባላል። እምሰንገኒ በሚባል የሎኬሽን አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር ነበር፤ ሲያም እዚያ ተማሪ ነበር። አፍሪካን ቦምበርስ የሚባለው የሰፈር ክለብ አሰልጣኝም እሱ ነው። ልጁን ትልቅ ትምህርት ቤት ከማየቱ በፊት ያየው እሱ ነው። ቲቪ ላይ የሚወራው ከዚያ በኋላ ያለው ብቻ ስለሆነ ይሄ ስም ብዙ ጊዜ ይዘለላል። እኔን ይቆጨኛል። አንቺም የልጅሽን የመጀመሪያ አሰልጣኝ ስልክ እንዳትጥዪው።

ሲያ 12 ዓመቱ ላይ ሞሰል ቤይ በተደረገ የልጆች ውድድር ላይ ታየ። ያኔ የራግቢ ቁምጣ እንኳን ስላልነበረው ለምርጫ የተጫወተው በውስጥ ሱሪ ነው። ከዚያ ግሬይ የሚባለው ትምህርት ቤት ነፃ ትምህርት ሰጠው። ግሬይ ከ1856 ጀምሮ ያለ፣ ስሙ የገነነ የወንዶች ትምህርት ቤት ነው። ስለዚህ ልጅሽ አልዋሸሽም። በዕድሜም እኩያው ነበር።

ግን እህቴ፣ ልጅሽ ያላየው ነገር አለ። ግሬይ ያለው እዚሁ ከተማ ነው። ከዝዊዴ በመኪና ግማሽ ሰዓት አይሞላም። ሲያ ሌላ ዓለም ውስጥ ገባ እንጂ ከሀገሩ አልወጣም። ዘመዶቹ፣ ክለቡ፣ ቋንቋው እዚያው ነበሩ። እንዲያም ሆኖ ከብዶታል። ሲገባ እንግሊዝኛ አይችልም ነበር። አንድ የክፍል ጓደኛው ነው ያስተማረው። እሱ ደግሞ ለጓደኛው ቆሳ ያስተምረዋል። ገና ተማሪ እያለ አያቱንም እናቱንም በሞት አጣ። በ2007 ደቡብ አፍሪካ ፓሪስ ላይ እንግሊዝን 15 ለ 6 አሸንፋ የዓለም ዋንጫ ስትወስድ ቤታቸው ቲቪ ስላልነበረ ጨዋታውን ያየው ሎኬሽን መጠጥ ቤት ውስጥ ነው። ግሬይ ከገባ ዓመታት አልፈዋል፣ ሰፈሩ ግን ያው ነበር።

ከሁሉ በላይ ልቤን የነካኝ የምግቡ ነገር ነው። በዚያ ትምህርት ቤት ባልማር ኖሮ በደንብ አልበላም፣ ሰውነቴም በደንብ አያድግም ነበር ብሎ በ2019 ተናግሯል። አስቢው፣ የሚጫወትበት ቦታ ፍላንከር ነው። ሥራው መጋፋት፣ ሰው መጣል፣ ኳስ መንጠቅ ነው። በስኳር ውሃ ይሄ አይሆንም። ሰው «ተሰጥኦው ታየለት» ይላል። ተሰጥኦ ያለው ልጅ ግን እኔ ሱቅ ደጃፍ ሞልቷል። የቀረባቸው በቀን ሦስት ጊዜ መብላት ነው።

እኔ ይሄን የተማርኩት በራሴ ልጅ ነው።

ልጄ አሁን 19 ዓመቱ ነው። ግሬድ 7 እያለ ከሌላ ፕሮቪንስ የመጣ ትምህርት ቤት ፈለገው። «በርሳሪ» የሚለውን ቃል ስሰማ ሁሉም ነገር የተከፈለ መሰለኝ። ደብዳቤውን በደንብ አላነበብኩትም። የተሸፈነው የትምህርት ክፍያው ብቻ ነበር። የሆስቴሉ ግማሽ በእኔ ነው። ኮቱ፣ ዩኒፎርሙ፣ በዓመት ሁለት ጊዜ የሚቀየረው ታኬታ፣ ለውድድር የሚሄዱበት አውቶቡስ፣ ሁሉም በእኔ ነው። የመጀመሪያውን ዓመት የወጣሁት እቁብ ቀድሜ ለምኜ ነው።

እሱ ግን ገንዘብ ነው፣ አለፈ። የባሰው በሁዳዴ መጣ። ልጄ ከቤት የለመደውን ጾም ይጾም ነበር። ለሆስቴሉ አልነገረም፣ እኛም አልነገርንም። ሥጋውንና ወተቱን ይተውና ደረቅ ዳቦና ባዶ ሩዝ በልቶ ልምምድ ይወጣል። ሳምንታት እንዲህ ሄደ። አንድ ቀን ሜዳ ላይ ወደቀ። ሲደውሉልኝ «ልጁ ምግብ አልበላም ይላል» አሉኝ። እናቱ ስልኩን ይዛ አለቀሰች። የነፍስ አባታችን እንዲበላ ፈቀዱለት። እሱ ግን ሙሉ በሙሉ መተው አልፈለገም። በመጨረሻ ለወጥ ቤቱ ደብዳቤ ጻፍን። ምስር፣ ባቄላ፣ የኦቾሎኒ ቅቤ ይሰጡት ጀመር። ቀላል ነገር ነበር። ቀድመን ብንናገር ልጁ አይጎዳም ነበር።

ሌላም አለ። ከ14 ዓመት በታች ሲጫወት ጭንቅላቱን ተመታ። ትንሽ አሳርፈው መልሰው አስገቡት። እኔ የሰማሁት ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። ዛሬም ሳስበው ያናድደኛል። እዚህ ሀገር ቦክስማርት የሚባል የራግቢ ደህንነት ሥልጠና አለ። አሰልጣኞችና ዳኞች ሊወስዱት ግድ ነው። ጭንቅላቱን የተመታ ልጅ ወዲያው መውጣት አለበት፣ በዚያ ቀን አይመለስም። ስለዚህ የአሰልጣኙን የቦክስማርት ወረቀት አሳዩኝ በይ። አትፈሪ። የእናት መብት ነው።

16 ዓመቱ ላይ የትከሻ አጥንቱ ተሰበረ። ወቅቱ አለፈበት። ዓመቱ ሲያልቅ ደብዳቤ መጣ፤ በርሳሪው በየዓመቱ የሚታደስ ነውና ለሚቀጥለው አልታደሰም። ያን ቃል ያየሁት ያኔ ነው፣ መጀመሪያም ተጽፎ ነበር። የቀረውን ከኪሴ ከፍዬ አስጨረስኩት። ቆጨህ ወይ ብለሽ ብትጠይቂው «አልቆጨኝም» ይልሻል። ጓደኞች አፍርቷል፣ ትምህርቱን በጥሩ ውጤት ጨርሷል። አሁን ኮሌጅ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሱቄ ጀርባ ያሉትን ሕፃናት ያሰለጥናል። እኔን ነው የሚቆጨኝ፣ ሳላነብ በመፈረሜ።

ልጅሽ መንገዱ አጭር እንዳይመስለው ደግሞ የሲያን ዓመታት ቁጠሪለት። እዚህ ሀገር የትምህርት ቤት ልጆች የሚታዩት በደረጃ ነው። ከ13 ዓመት በታች የራሱ የፕሮቪንሶች ውድድር አለው። ከ16 በታች ግራንት ኮሞ ዊክ ነው። ከ18 በታች ክሬቨን ዊክ ነው፣ ትልቁ እሱ ነው። ሲያ በ2007 ግራንት ኮሞን፣ በ2008 እና በ2009 ክሬቨን ዊክን ኢስተርን ፕሮቪንስ ለሚባለው ለዚህ አካባቢ ቡድን ተጫውቷል። ከዚያ ወደ ኬፕታውን ሄደ። በ2010 ከ20 ዓመት በታች ብሔራዊ ቡድን ገባ። በ2011 ዌስተርን ፕሮቪንስ ለሚባለው የዚያ አካባቢ ዋና ቡድን፣ በ2012 ስቶርመርስ ለሚባለው የኬፕታውን ቡድን ተሰለፈ። የብሔራዊ ቡድኑን ማልያ የለበሰው ሰኔ 15 ቀን 2013 ነው፣ 22 ዓመት ሊሞላው አንድ ቀን ሲቀረው። ምቦምቤላ ስታዲየም፣ ከስኮትላንድ ጋር። ተጠባባቂ ነበር። ጨዋታው ገና ሲጀመር አርኖ ቦታ የሚባለው ተጫዋች ተጎዳና ሲያ ገባ። የጨዋታው ኮከብ ሆኖ ወጣ።

ከ12 ዓመቱ እስከዚያ ቀን አሥር ዓመት ገደማ ነው። ከዚያም በኋላ ቢሆን ወዲያው አልሆነለትም። በ2015 የዓለም ዋንጫ ሁለት ጨዋታ ላይ ብቻ ነው የታየው። አምበል የተደረገው በ2018 ነው፤ ስፕሪንግቦክ የሚባለውን ብሔራዊ ቡድን በይፋዊ የሀገር ለሀገር ጨዋታ የመራ የመጀመሪያው ጥቁር አምበል። የዓለም ዋንጫውን ጃፓን፣ ዮኮሃማ ላይ ያነሳው በ2019 ነው። የልጆች ክፍል ግድግዳ ላይ የሚለጠፈው ይቺ የመጨረሻዋ ፎቶ ናት።

ለባለቤትሽ የምለው ደግሞ አለኝ። ወንድሜ፣ «ልጁ አሁን ካልሄደ ዕድሉ አለቀ» የሚሉህን አትስማቸው። ሌላውን የብሔራዊ ቡድን ተጫዋች ማካዞሌ ማፒምፒን እይ። ያደገው ከኢስት ለንደን ወጣ ባለ ጾሎምንቃ በሚባል ገጠር ነው። እንደ ግሬይ ያለ ትምህርት ቤት አልገባም። ቦርደር ለሚባል ቡድን፣ ከዚያ ኪንግስ ለሚባለው ተጫወተ። ለብሔራዊ ቡድን የተሰለፈው በ2018 ነው፣ 27 ዓመቱ ላይ። በሚቀጥለው ዓመት በዓለም ዋንጫው ፍጻሜ ላይ ትራይ (ኳሱን ከተጋጣሚ መስመር አሳልፎ መሬት በማስነካት የሚገኝ ነጥብ) አስቆጠረ። ደቡብ አፍሪካ በዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ጨዋታ ትራይ ስታስቆጥር ያ የመጀመሪያዋ ነው። ስለዚህ ልጁ ሰፈር ክለብ ውስጥ ሁለት ሦስት ዓመት ቢቆይ ምንም አይጎድልበትም።

እንግዲህ እኔ አንቺን ብሆን የማደርገው ይሄ ነው። ጆበርግ ውስጥ፣ ማታ ቤቱ የሚገባበት ትምህርት ቤት በግማሽ በርሳሪም ቢገኝ ያንን እመርጣለሁ። ካልተገኘና ልጁ ልቡ ከሄደ ግን ደብዳቤውን እንግሊዝኛ በደንብ በሚችል ሰው አስነብቢው። የትኛው ወጪ በእነሱ፣ የትኛው በእኛ እንደሆነ አስጽፊ። ቢጎዳ በርሳሪው ምን እንደሚሆን አስጽፊ። በትምህርት ጊዜ ቢያንስ በወር አንዴ ወደ ቤት መምጣት እንደሚችል አስጽፊ። ጾሙን፣ የማይበላውን ምግብ፣ የሚወስደው መድኃኒት ካለም እሱን፣ ከመግባቱ በፊት ተናገሪ። ስልክ የሚያነሳልሽ አንድ የሆስቴል ሰው ስም ያዢ። እሁድ እሁድ ደውዪለት፣ በአማርኛ አውሪው። የኔ ልጅ የከፋውን ነገር በእንግሊዝኛ ነግሮኝ አያውቅም።

ከመፈረምሽ በፊት ደግሞ አንድ ቀን ሳትደውዪ ሂጂ። ባልሽንም፣ ልጁንም ይዘሽ። ሜዳውን ለማየት አትቸኩዪ፣ ሜዳቸው ሁሌም ያምራል። በእራት ሰዓት ድረሺና ልጆቹ ሳህን ላይ ያለውን እዪ።