መልስ፦ ሰፊ ጎማ ካስገባሁ በኋላ መሪው ለምን ግራ ቀኝ ይላል?

ወንድም፣ የኮሮላህን ጎማ ከ195/65 ባለ 15 ወደ 225/45 ባለ 17 ከቀየርክ (የመጀመሪያው ቁጥር ስፋቱ በሚሊ ሜትር፣ ሁለተኛው የጎኑ ቁመት ከስፋቱ በመቶኛ፣ የመጨረሻው የቸርኬው ዲያሜትር በኢንች ነው) የጎማው ቁመት ያው ነው። ሁለቱም 63 ሴንቲ ሜትር ተኩል ገደማ ስለሆኑ የፍጥነት ቆጣሪህ አይዋሽም። የተቀየረው ስፋቱና የጎኑ ቁመት ነው።

ሰፊ ጎማ ከባድ መኪኖች አስፋልቱን ደፍጥጠው የሰሩትን ቦይ እየተከተለ ይሄዳል፣ ጎኑም አጭርና ደረቅ ስለሆነ እያንዳንዷን ጉብታ ቀጥታ መሪህ ላይ ያመጣታል። በድሬዳዋ መንገድ በ100 ስትነዳ መሪው ግራ ቀኝ ያለብህ በዚህ ይመስለኛል። ደረቅ መንገድ ላይ ኩርባ ሲመጣ ግን መኪናዋ ቶሎ ትታዘዝሃለች፣ እሱን አልክድም። ዝናብ ላይ ነው ነገሩ የሚገለበጠው፤ ያው የኮሮላ ክብደት ሰፊ ጎማ ላይ ሲበተን ውሃውን ጨምቆ ማስወጣት ያቅተዋል፣ በተለይ ጥርሱ ካለቀ በፍጥነት ላይ ይንሳፈፍብሃል።

እኔ ግን ከጎማው በፊት ቸርኬውን እጠረጥራለሁ። ኦፍሴቱ (ቸርኬው የሚታሰርበት ገጽ ከቸርኬው ስፋት መሃል ያለው ርቀት) ከኦሪጅናሉ ካነሰ ወይም ስፔሰር (ከቸርኬው ጀርባ የሚገባ ክብ ብረት) ካስገቡልህ ጎማው ወደ ውጭ ይወጣል፣ ፍሬን ስትይዝ መሪው ይጎትታል፣ የጎማው ኩሽኔታም (ቤሪንጉ) ቶሎ ይበላል። ስፔሰር ካለ አስወጣው።

ንፋሱን ጎማው ሳይሞቅ ለካ። አላይመንት (የጎማዎቹን አቅጣጫ ማስተካከል) አሰራ፣ መሪው ላይ የላላ ነገር ካለም ያኔውኑ ይታይልህ። ካልተሻለው 205/55 ባለ 16 ግባ፣ ለኮሮላ እሱ ይበቃል፤ ሰፊው ለፎቶ ካልሆነ።