ስለ ክፍት ምንጭ ሶፍትዌር ንድፍ ጠይቁኝ፦ የተጠቃሚ ሐሳብ እንዴት ይሰበሰባል?

በትርፍ ጊዜዬ ክፍት ምንጭ በሆነ፣ ማለትም ኮዱን ማንም አይቶ ሊያሻሽለው በሚችል፣ የአማርኛ መጻፊያ ሰሌዳ ላይ እሠራለሁ። የንድፍ ለውጥ ሲታሰብ ተጠቃሚውን የማማከሩ ሥራ የወደቀው በእኔ ላይ ነው። ከደረሱኝ ጥያቄዎች የቻልኩትን እነሆ።

ጥያቄ፦ ሐሳብ መጠየቅ ያለብን መቼ ነው?

ኮዱ ሳይጻፍ፣ ችግሩ ግን በሚገባ ተጽፎ። እ.ኤ.አ. በ2019 የጎ ፕሮግራሚንግ ቋንቋ አዘጋጆች «ትራይ» የተባለ የለውጥ ሐሳብ አቀረቡ፤ አንድ የኮድ ክፍል ሌላውን በጠራ ቁጥር ስሕተት መኖሩን የሚፈትሹትን አሰልቺ መስመሮች ለማሳጠር። ተቃውሞው ጎረፈ። ሐሳቡ ለውሳኔ ከተቀጠረው ቀን በፊት፣ በጁላይ ወር ተዘጋ። አዘጋጆቹ የሳቱት ቴክኒካዊ ነገር እንደነበር አመኑ፤ ከዚያ በላይ የከበደው ግን ብዙዎች «ይህ መፍትሔ የሚያስፈልገው ችግር አይደለም» ማለታቸው ነበር።

ጥያቄ፦ ለምን ድምፅ አይሰጥም? ይገላግላል።

ይገላግላል፤ ግን አያስተምርም። የኢንተርኔትን ደረጃዎች የሚያወጣው አይ.ኢ.ቲ.ኤፍ. በድምፅ ብልጫ አይወስንም፤ በቆየው ልማዱ በስብሰባው የደገፉት አፋቸውን ዘግተው «እምም» ይሉ ነበር፣ ቀጥሎ የተቃወሙት። ይህ የተሰብሳቢውን ስሜት ለማወቅ ብቻ ነበር። የተቃወመው አንድ ሰው ቢሆን እንኳ ምክንያቱ ይመረመራል።

ጥያቄ፦ እኛ ስንጠይቅ ሁሉም «ጥሩ ነው» ይለናል። ምን እናድርግ?

ይሉኝታ ነው፤ እኔንም አቃጥሎኛል። ቦታ ለመቆጠብ ብዬ ፀን ከጸ ሥር ደበቅኩት፤ ጸን ጫን ብሎ የቆየ ያገኘዋል። አስተያየት ስጠይቅ «እጃችሁ ይባረክ» ብቻ። አንድ ቀን ስልኩን ለአክስቴ ሰጥቼ «ፀሐይ» ብለው እንዲጽፉ ለመንኳቸው። ጸን ነኩ፣ አጠፉ፣ እንደገና ነኩ፣ መነጽራቸውን አስተካከሉ። በመጨረሻ «የፀሐዩን ፀ የት አደረስከው?» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ «እንዴት አያችሁት?» ማለት ትቻለሁ፤ ሥራ እሰጥና ዝም ብዬ ጣታቸውን አያለሁ።

ጥያቄ፦ መግባባት ካልተቻለ ማን ይወስናል?

ይህ ከክርክሩ በፊት ይታወቅ። ፓይተን በተባለው የፕሮግራሚንግ ቋንቋ የመጨረሻው ቃል የመሥራቹ የጊዶ ቫን ሮሰም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2018 በአንድ ስሌት መካከል ውጤቱን ስም ሰጥቶ ማስቀመጥ የሚያስችለውን ምልክት ከመራራ ክርክር በኋላ አጸደቀ፤ ወዲያው ግን ደክሞት ከመሪነቱ ወረደ። ዛሬ የሚወስነው የተመረጠ አምስት አባላት ያሉት ምክር ቤት ነው። በእኔ እይታ ያን ሁሉ ክርክር አንድ ሰው መሸከሙ ቀድሞውኑ ልክ አልነበረም።

ጥያቄ፦ ሐሳባችን ሲጣል ቢያንስ ምክንያቱ አይነገረንም?

መነገር አለበት። ብዙዎቹ የፓይተን የለውጥ ሰነዶች ውድቅ የሆኑ አማራጮችን ከነምክንያታቸው የሚያሰፍር ክፍል አላቸው። እኛም እንዲህ ያለ መዝገብ ከፍተናል። የመጀመሪያው መስመር ፀን የመደበቅ የራሴ ሐሳብ ነው።