ደም ስለ ሳንባ ምን ይናገራል? ከኤች አይ ቪ ጋር ለሚኖሩ የቀረበ ጥያቄና መልስ

የላብራቶሪ ባለሙያ እንጂ ሐኪም ስላይደለሁ መድኃኒት አላዝም፤ የደም ምርመራ ቁጥሮች ስለ ሳንባ ኢንፌክሽን የሚሉትንና የማይሉትን ግን በምችለው መጠን አስረዳለሁ።

ጥያቄ፦ ሲዲ4 (ኤች አይ ቪ የሚያጠቃቸው የበሽታ መከላከያ ሴሎች ቁጥር) 620 ነው። አሥር ቀን የቆየ ሳል አለብኝ። ቁጥሬ ጥሩ ስለሆነ ቲቢ አይሆንም ብዬ ልተወው?

መልስ፦ አይተዉት። ኒሞሲስቲስ የተባለ ፈንገስ የሚያመጣው የሳንባ ምች በብዛት የሚታየው ሲዲ4 ከ200 በታች ሲወርድ ነው፤ ቲቢ ግን ቁጥሩ ከፍ ባለበት ጊዜም ይይዛል። ቫይረሱ በደሙ ያለበት ሰው ሳል፣ ትኩሳት፣ የክብደት መቀነስ ወይም የሌሊት ላብ ካየ ሁለት ሳምንት እስኪሞላ ሳይጠብቅ አክታውን በጂን ኤክስፐርት (የቲቢ ባክቴሪያን ዘረመል በሚፈልግ መሣሪያ) ማስመርመር ይኖርበታል።

ጥያቄ፦ ሲአርፒ 48 ነው ተባልኩ። ቲቢ ነው ማለት ነው?

መልስ፦ አይደለም፤ ሆኖም ችላ የሚባል ቁጥር አይደለም። ሲአርፒ ሰውነት ውስጥ ብግነት ሲነሣ ጉበት በብዛት የሚያመርተው ፕሮቲን ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1930 መጀመሪያ የተገኘውም በሳንባ ምች ሕሙማን ደም ውስጥ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው መመሪያ፣ ከኤች አይ ቪ ጋር በሚኖሩ ሰዎች ላይ በሊትር ከ5 ሚሊ ግራም በላይ የሆነ ሲአርፒ ለቲቢ ልየታ ሊያገለግል እንደሚችል አመልክቷል። ልየታ ማለት ግን ማን የበለጠ መመርመር እንዳለበት መለየት እንጂ በሽታውን ማረጋገጥ አይደለም፤ ተራ የባክቴሪያ ምችም ሆነ የቆዳ እባጭ ይህንኑ ቁጥር ከፍ ያደርገዋልና። እኔ ሲአርፒን ከጭስ ጋር አመሳስለዋለሁ፤ እሳት መኖሩን ይጠቁማል፣ የሚነደው ምን እንደሆነ ግን አይናገርም። ከአንድ ጊዜ ውጤት ይልቅ በሕክምና ላይ ሳሉ መውረድ አለመውረዱ የበለጠ ይጠቅማል፤ መንሥኤው ከተወገደ በጥቂት ቀናት ውስጥ በግልጽ ይቀንሳል።

ጥያቄ፦ ፕሮካልሲቶኒንስ ባክቴሪያን ከሌላው አይለይም?

መልስ፦ በከፊል። ፕሮካልሲቶኒን እንደ ሲአርፒ በደም የሚለካ የኢንፌክሽን ጠቋሚ ነው። በባክቴሪያ ምች ከፍ ማለቱ፣ በቫይረስ ምች ደግሞ ዝቅ ማለቱ የተለመደ ነው፤ ቲቢ ግን በመካከል ስለሚዋዥቅ በእርሱ ብቻ መወሰን አያስተማምንም።

ጥያቄ፦ ወንድሜ ደረቅ ሳል አለበት፤ ደረጃ ሲወጣ ትንፋሽ ያጥረዋል። ራጁ ንጹሕ ነው ተባለ፣ ኤልዲኤች ግን ከፍ ብሏል። ሲዲ4 90 ነው።

መልስ፦ ዛሬውኑ ወደ ሆስፒታል ይውሰዱት። በኒሞሲስቲስ ምች መጀመሪያ ላይ ራጅ ምንም ላያሳይ ይችላል። ኤልዲኤች ከተጎዳ ሕዋስ የሚፈስ ኢንዛይም በመሆኑ በዚህ ምች ብዙ ጊዜ ይጨምራል፤ ነገር ግን የጉበት ሕመም፣ የቀይ ደም ሴሎች መፍረስና የተሰራጨ ቲቢም ከፍ ስለሚያደርጉት ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ከእርሱ ይልቅ ጥቂት አስኪደው በጣቱ ላይ የኦክስጅን መጠኑን ቢለኩት ብዙ ይነግራል፤ ርካሽ መሣሪያ ነው፣ ግን ስንቴ ሲዘነጋ አይቻለሁ! ከፈንገስ ግድግዳ የሚመጣውን ቤታ-ዲ-ግሉካን በደም መለካት በሚቻልበት ቦታ፣ ውጤቱ ዝቅተኛ ከሆነ ይህ ምች የመሆን ዕድሉ በጣም ይቀንሳል። ሐኪሙ ካመነበት ኮትሪሞክሳዞል የተባለው ፀረ-ተሕዋስያን መድኃኒት በከፍተኛ መጠን ለ21 ቀናት ይሰጣል።

ጥያቄ፦ አክታ ማውጣት ለማይችል ታማሚ ደሙ አይበቃም?

መልስ፦ ሽንቱ የተሻለ ነው። የኤልኤኤም ምርመራ የቲቢ ባክቴሪያን ቅንጣት በሽንት ውስጥ ይፈልጋል፤ ይበልጥ የሚጠቅመውም ሲዲ4 በጣም ለወረደባቸው ነው። አሉታዊ ውጤቱ ግን ቲቢ የለም አያሰኝም።

ጥያቄ፦ በሳንባ ምች ተኝቼ ሳለ ሲዲ4 ከ410 ወደ 190 ወረደ። የኤች አይ ቪ መድኃኒቴ መሥራት አቁሞ ይሆን?

መልስ፦ ከዚህ ቁጥር ብቻ እንዲያ ማለት አይቻልም። ጽኑ ሕመም ሲዲ4ን ለጊዜው ሊቀንሰው ስለሚችል፣ ካገገሙ በኋላ ቢደገም ይሻላል። መድኃኒቱ መሥራቱን የሚመልሰው የቫይረስ መጠን ምርመራ ነው፤ እስከዚያው ግን ሐኪምዎን ኮትሪሞክሳዞል ለመከላከያ ያስፈልግዎት እንደሆነ ይጠይቁት።